«ትንሽ እችላለሁ» ብዬ ነበር፤ አሁን ስልኩ ሲጠራ እደነግጣለሁ

ጥያቄ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ዕቃ ከውጭ አስመጥቶ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ በግዥ ክፍል እሠራለሁ። ከአምስት ወር በፊት ለመቀጠር ስወዳደር ሲቪዬ ላይ «ስፓኒሽ፦ ጀማሪ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ ሲጠይቁኝም «ትንሽ እችላለሁ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር የማውቀው ለሁለት ወር በስልክ መተግበሪያ የተለማመድኩትን ብቻ ነው፤ ድመቷ ወተት ትጠጣለች፣ ልጁ ፖም ይበላል ዓይነት።

አሁን ድርጅቱ አንድ የስፔንና አንድ የሜክሲኮ አቅራቢ አገኘ። ኃላፊዬ ያችን «ትንሽ» ይዞ «ከእነሱ ጋር ያለውን ግንኙነት አንቺ ያዢው» አለኝ። ኢሜይሎቹን እስካሁን በመተርጎሚያ ፕሮግራም እየተወጣኋቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ከሜክሲኮ ስልክ ተደወለ። «ኦላ» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ካለችው አንድም ቃል አልለየሁም። ላብ አጠመቀኝ። አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ ስልኩን ተቀብሎኝ በእንግሊዝኛ ጨረሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩ ሲጠራ ልቤ ይመታል።

ከሦስት ወር በኋላ ከሁለቱም ጋር የኦንላይን ስብሰባ አለ። ማታ ማታ ማጥናት እችላለሁ፤ ግን ከየት ልጀምር? መደበኛውን ስፓኒሽ ከሥሩ ልማር ወይስ ቀጥታ የቢዝነሱን? ለኮርስ ገንዘብ ላውጣ? ለኃላፊዬስ እውነቱን ልንገረው ወይስ ዝም ብዬ ልድረስበት? አንዳንዴ ሥራውን ልልቀቅ የሚል ሐሳብም ይመጣብኛል። ምን ይመክሩኛል?

ስልክ የሚያስደነግጣት

መልስ

ስልክ የሚያስደነግጥሽ እህቴ፣

በመጀመሪያ ከልብሽ ላይ አንድ ሸክም ላውርድልሽ። ሲቪሽ ላይ የሰፈረው «ጀማሪ» የሚል ቃል ነው፤ አንቺም ጀማሪ ነሽ። የተለጠጠው «ትንሽ» የሚለው ነው። ለአንቺ ድመቷና ወተቱ ማለት ነበር፤ ለኃላፊሽ ደግሞ ደንበኛ ማናገር። ሁለታችሁም መጠኑን ሳትነጋገሩበት አምስት ወር አለፈ፤ የከበደሽ ይህ ዝምታ ይመስለኛል። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፦ ስልኩ ሲጠራ የሚያስፈራሽ ቋንቋው ነው ወይስ «አለመቻሌ ዛሬ ሊታወቅ ነው» የሚለው? ሁለተኛው ከሆነ ከኮርሱ በፊት ከኃላፊሽ ጋር አሥር ደቂቃ መቀመጥ ይቀድማል።

ስልኩ ላይ የደረሰብሽም የማንም ጀማሪ ዕጣ ነው። በስልክ የተናጋሪዋ ፊትና ከንፈር አይታይም፣ የተጻፈ ነገር የለም፣ ቆም አድርጎ መልሶ መስማትም የለም። መተግበሪያው ያለማመደሽ ደግሞ ከተደረደሩ ቃላት መካከል ትክክለኛውን መንካት ነው። የቀረበልሽን ቃል መለየትና ቃሉን ከራስሽ አፍ ማውጣት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን ገና አልጀመርሽውም።

ለኃላፊሽ ንገሪው፤ በዚህ ሳምንት። ግን «አልችልም» ብለሽ ብቻ አትግቢ። ምን፣ መቼ እንደምትችዪ ይዘሽ ግቢ። ለምሳሌ፦ «ስቀጠር ጀማሪ ነኝ ብዬ ነበር፤ ደረጃዬ አሁንም እዚያው ነው። እየተማርኩ ነው። ከአንድ ወር በኋላ የትዕዛዝና የክፍያ ኢሜይሎችን በስፓኒሽ እጽፋለሁ፤ በስልክ የሚመጣውን ለጊዜው ወደ ኢሜይል አዞራለሁ። በስብሰባው ላይ ሰላምታውን፣ ራሳችንን ማስተዋወቁንና መዝጊያውን በስፓኒሽ እይዛለሁ፤ ዋጋና ውል ሲነሳ ግን በእንግሊዝኛ ወይም በአስተርጓሚ ቢሆን ይሻላል።» የመጨረሻዋን ነጥብ ጠበቅ አድርጊ። በጀማሪ ጆሮ የተሰማ የውል ቃል ድርጅቱን ሊያከስር ይችላል፤ አስተዋይ ኃላፊ ይህን የሚነግረውን ሠራተኛ አይጠላም።

የጊዜው ልክም እንዳያሳስትሽ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዲፕሎማቶቹ በስፓኒሽ በሙሉ ልብ ለመሥራት ከ600 በላይ የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልጋቸው ይገምታል። አንቺ በየቀኑ 40 ደቂቃ ብታጠኚ በሦስት ወር የምታገኚው 60 ሰዓት ገደማ ነው። በ60 ሰዓት ስፓኒሽ አይታወቅም። ከእነዚህ ሁለት አቅራቢዎች ጋር የሚደጋገመውን ጉዳይ በስፓኒሽ ለማስኬድ ግን ይበቃል፤ መንገዱ ጠባብ ከሆነ።

«መደበኛውን ወይስ የቢዝነሱን?» ላልሽው መልሴ ከዚህ ይመጣል። ለጀማሪ የቢዝነስ ስፓኒሽ የሚባል ሌላ ቋንቋ የለም። ሰዋስው ያው አንድ ነው፤ ቃላቱን ግን ከድመቷና ከፖሙ ይልቅ ከራስሽ የኢሜይል ሳጥን ልትወስጂ ትችያለሽ። ከሁለቱ አቅራቢዎች የመጡ 20 ኢሜይሎች አትሚና የሚደጋገመውን አስምሪበት። «ኤል ፔዲዶ» (ትዕዛዙ)፣ «ላ ፋክቱራ» (የሽያጭ ደረሰኙ)፣ «ኤል ኤንቢዮ» (የሚላከው ዕቃ)፣ «ላ ኤንትሬጋ» (ርክክቡ)፣ «ኤል ፕላሶ» (የጊዜ ገደቡ)፣ «ላ ምዌስትራ» (ናሙናው)፣ «ኤል ፓጎ» (ክፍያው) ደጋግመው እንደሚመጡ እገምታለሁ። የዋጋ ማቅረቢያውን የስፔኑ «ፕሬሱፕዌስቶ»፣ የሜክሲኮው «ኮቲሳሲዮን» ቢሉሽ አትደናገጪ፤ አንድ ነገር ነው።

ቃሉን ብቻውን አትጻፊ። «ኤል» ወይም «ላ» የሚለውን መነሻ አስጠግተሽ ጻፊ፤ በስፓኒሽ ግዑዙም ነገር ወንድ ወይም ሴት ነው፣ ጾታው ደግሞ ሌላውን ቃል ይቀይራል። ትዕዛዙ ተከፍሏል ለማለት «ኤል ፔዲዶ ኤስታ ፓጋዶ» ትያለሽ፤ ደረሰኙ ሲሆን «ላ ፋክቱራ ኤስታ ፓጋዳ» ይሆናል። በአብዛኛው በ«ኦ» የሚያልቅ ወንድ፣ በ«ኣ» የሚያልቅ ሴት ነው፤ በ«ሲዮን» የሚያልቁትም ሴት ናቸው። አፈንጋጮች አሉ። ከሁሉ በላይ የምትጠቀሚበት «ኤል ፕሮብሌማ» (ችግሩ) በ«ኣ» ቢያልቅም ወንድ ነው፤ «ኤል ዲያ» (ቀኑ) እንዲሁ። ጾታውን ብትስቺ ይገባቸዋል፣ ስለዚህ ለዚህ ብለሽ አፍሽን አትያዢ።

አማርኛ ተናጋሪ መሆንሽ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። «እልካለሁ» ስትዪ «እኔ» ማለት አያስፈልግሽም፤ ባለቤቱ ግሡ ውስጥ አለ። ስፓኒሽም እንደዚያው ነው፤ «ኤንቢዮ» ብትዪ በቂ ነው። እንግሊዝኛ የለመደ ጀማሪ ግን ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ በ«ዮ» (እኔ) እየጀመረ ራሱን ያጎላል። አክብሮቱም እንግዳ አይሆንብሽም። «ቱ» አንተና አንቺ ነው፣ «ኡስቴድ» እርስዎ። በአማርኛ «እርስዎ ይልካሉ» እና «እነሱ ይልካሉ» አንድ ግሥ እንደሚጋሩ፣ በስፓኒሽም «ኡስቴድ» የእሱንና የእሷን ግሥ ይዋሳል፤ «ኡስቴድ ኤንቢያ»፣ «ኤላ ኤንቢያ»። ሥራ ላይ እነሱ ራሳቸው «ቱ» በዪኝ እስኪሉሽ ከ«ኡስቴድ» አትውጪ። የስፔኑ አቅራቢ ቶሎ ወደ «ቱ» ሊሻገር ይችላል፤ ቅር አይበልሽ፣ እዚያ የተለመደ ነው።

የግሥ ሠንጠረዥ ሙሉውን መሸምደድ የለብሽም። አምስት መነሻዎች ያዢ፦ «ኔሴሲቶ» (ያስፈልገኛል)፣ «ፕዌዶ» (እችላለሁ)፣ «ቴንጎ ኬ» (አለብኝ)፣ «ቦይ ኣ» (ልሠራው ነው፣ ለወደፊቱ)፣ «ኪሲዬራ» (ፈልጌ ነበር፣ በትህትና)። ከእነሱ ኋላ ያልተረባ ግሥ ይቀጠላል፦ «ኤንቢያር» መላክ፣ «ፓጋር» መክፈል፣ «ሬሲቢር» መቀበል፣ «ኮንፊርማር» ማረጋገጥ፣ «ካምቢያር» መቀየር፣ «ሬቢሳር» መመርመር፣ «ፔዲር» ማዘዝ፣ «ኤስፔራር» መጠበቅ፣ «ፊርማር» መፈረም፣ «ኣብላር» መናገር። አምስቱን በአሥሩ ብታባዢ 50 ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከፊቱ «ኖ» ስትጨምሪበት ደግሞ እምቢታው ይመጣል። «ኖ ፕዌዶ ኮንፊርማር ኦይ» ማለት ዛሬ ማረጋገጥ አልችልም ነው። ይህችን አንዷን ብቻ ያለመንተባተብ ማለት ብትችዪ ስንት ጭንቀት ይቀልልሽ ነበር! «ኪዬሮ» (እፈልጋለሁ) የሚለውን ግን ተጠንቀቂ፤ ስህተት ባይሆንም ለማታውቂው ሰው ደረቅ ይላል፣ «ኪሲዬራ» ይለሰልሳል።

ድምፁ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፤ ብዙ ጀማሪ የሚያልፈው፣ በሥራ ላይ ግን የሚያስከፍል ነው። በስፓኒሽ ከቃሉ ውስጥ ጫን ተብሎ የሚነገር ክፍል አለ፤ እሱ ሲቀየር ትርጉሙ ይቀየራል። «ፓጎ» ስትዪ «ፓ» ላይ ከተጫንሽ «እከፍላለሁ» ወይም «ክፍያ» ነው፤ «ጎ» ላይ ከተጫንሽ «ከፈለ» ይሆናል። «ኤንቢዮ»ም እንዲሁ ነው። «ቢ» ላይ ስትጫኚ «እልካለሁ»፣ መጨረሻው ላይ ስትጫኚ «ላከ»። ልትከፍዪ ያለሽውንና ተከፍሎ ያለቀውን የሚለየው ይህ ጫና ነው፤ በጽሑፍ ደግሞ ከፊደሉ በላይ ያለችው ትንሽ ጭረት። ጭረቷን እንደ ጌጥ ቆጥረሽ አትተያት። «ኝ»ን በምታሰማው «ኤን» ላይ ያለችው ሞገድም እንደዚያው ናት። «ኣኞ» ዓመት ነው፤ ሞገዷ ከቀረች ለኢሜይል የማይመች የአካል ክፍል ስም ይሆናል። ስለዚህ ዛሬውኑ ኮምፒውተርሽ ላይ የስፓኒሽ ኪቦርድ ጨምሪ።

የሚጠብቀውና የሚላላው «ር» ግን ላንቺ ቀላል ነው፤ አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም ይለያል። «ካሮ» «ሮ» ላልቶ ውድ ማለት ነው፤ ምላስ ተንቀጥቅጦ ሲጠብቅ በሜክሲኮ መኪና ነው። አናባቢዎቹም አምስት ብቻ ናቸው፦ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። የግዕዙንና የሳድሱን ድምፅ አይጠቀሙም፣ ስለዚህ ተነባቢዎች ሲደራረቡ በመሃል ሳድስ አትጨምሪ። «ቢ» እና «ቪ» ፊደላቸው ቢለያይም ድምፃቸው አንድ ነው። «ኤች» ደግሞ አይነበብም፤ «ኦላ» ስትጻፍ ከፊቷ ያለው ፊደል እሱ ነው።

ቁጥር ላይ ቆይ ብለሽ እንድትለማመጂ እለምንሻለሁ። በሥራ ላይ ከሰዋስው ስህተት ይልቅ የቁጥር ስህተት ነው ጉዳት የሚያመጣው። በጆሮ የሚምታቱት እነዚህ ናቸው፦ 60 «ሴሴንታ» ከ70 «ሴቴንታ»፣ 2 «ዶስ» ከ12 «ዶሴ»፣ 3 «ትሬስ» ከ13 «ትሬሴ»። በስልክ ስትቀበዪ ቁጥሩን በተናጠል አሃዝ መልሰሽ በዪው፦ «ሴይስ፣ ሴሮ»፣ ስድስት፣ ዜሮ። ከወራትም «ኹኒዮ» (ጁን) እና «ኹሊዮ» (ጁላይ) በስልክ ለመለየት ያስቸግራሉ፤ «ኤል ሜስ ሴይስ»፣ ስድስተኛው ወር፣ ብለሽ አረጋግጪ።

በጽሑፍ ሌላ ወጥመድ አለ። ስፔን ሺህን በነጥብ፣ ክፍልፋዩን በኮማ መለየት ለምዳለች፤ ሜክሲኮ በተቃራኒው ነው። ከስፔን የመጣ 1.500 ሺህ አምስት መቶ ሲሆን፣ ለሜክሲኮው አቅራቢ ያው ጽሑፍ አንድ ነጥብ አምስት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በትዕዛዝ ኢሜይል ላይ ነጥቡንም ኮማውንም ትተሽ 1500 ጻፊ፤ አጠገቡ በፊደል ጨምሪበት፦ «ሚል ኪኒዬንታስ ኡኒዳዴስ»፣ 1500 ፍሬ። «ኪኒዬንቶስ» ሳይሆን «ኪኒዬንታስ» የሆነው «ኡኒዳዴስ» ሴት ስለሆነች ነው። ትልልቅ ቁጥር ካጋጠመሽም የስፓኒሹ «ቢዮን» እኛ ቢሊዮን የምንለው አይደለም፤ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው። የእኛን ቢሊዮን «ሚል ሚዮኔስ»፣ ሺህ ሚሊዮን፣ ይሉታል።

የማስረከቢያ ቀን ሲነገርሽ «ኪንሴ ዲያስ» ቃል በቃል 15 ቀን ቢሆንም በአነጋገር ሁለት ሳምንት ማለት ነው፤ «ኦቾ ዲያስ»፣ 8 ቀን፣ ደግሞ አንድ ሳምንት። ሁልጊዜ ተከትለሽ ጠይቂ፦ «¿ዲያስ ኣቢሌስ ኦ ናቱራሌስ?» የሥራ ቀን ነው ወይስ የካላንደር? 15 የሥራ ቀን ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ዕቃው ዘገየ ብለሽ የምትጨቃጨቂበት አንድ ሳምንት ከዚህች ጥያቄ መቅረት ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ኢሜይሉ እንምጣ፤ ቶሎ ውጤት የምታዪው እዚህ ነው። ይህን አንድ ደብዳቤ በቃልሽ እስክትዪው ደጋግመሽ ጻፊው፦

«ኤስቲማዶ ሴኞር ጋርሲያ፦ ሌ ኤስክሪቦ ፓራ ኮንፊርማር ኤል ፔዲዶ ኑሜሮ 214። ¿ፖድሪያ ኤንቢያርኖስ ላ ፋክቱራ ኣንቴስ ዴል ቢዬርኔስ? ኬዶ ኣ ላ ኤስፔራ ዴ ሱ ሬስፕዌስታ። ሳሉዶስ ኮርዲያሌስ»

ትርጉሙ፦ የተከበሩ አቶ ጋርሲያ፣ የምጽፍልዎ ትዕዛዝ ቁጥር 214ን ለማረጋገጥ ነው። ደረሰኙን ከዓርብ በፊት ሊልኩልን ይችላሉ? መልስዎን እጠብቃለሁ። ከአክብሮት ሰላምታ ጋር። ከሰላምታው በኋላ የሚመጣው ሁለት ነጥብ እንጂ ኮማ አይደለም። ጥያቄው በተገለበጠ የጥያቄ ምልክት ይከፈታል። «ሌ» ማለት ለእርስዎ ነው፤ «ቴ» ካልሽ አንተ ብለሽዋል። ለሴት ስትጽፊ «ኤስቲማዳ ሴኞራ» ይሆናል። ስሙ ላይ ደግሞ ልብ በዪ፤ እኛ አቶ ብለን የሰውየውን የራሱን ስም ነው የምንጠራው፣ «ሴኞር» ግን የቤተሰብ ስም ይከተለዋል። አብዛኞቹ ሁለት የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ካርሎስ ጋርሲያ ሎፔስ ለሚባል ሰው የሚጻፈው «ሴኞር ጋርሲያ» ነው፣ የመጨረሻውን ስም ይዘሽ «ሴኞር ሎፔስ» አትበዪ።

ከዚያ የደብዳቤውን መሃል ብቻ እየቀያየርሽ ሌላ ትሠሪያለሽ፦ ናሙና ስትጠይቂ፣ ክፍያ ስታሳውቂ፣ ዕቃው ተጎድቶ ሲደርስ። ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ቅጽ ይኑርሽ፤ ስድስት ወይም ሰባት ቅጽ አብዛኛውን የግዥ ሥራ ይሸፍናል።

ለስልኩ አራት ዓረፍተ ነገር በትልልቁ ጽፈሽ አጠገቡ ለጥፊ። «ኤስቶይ ኣፕሬንዲዬንዶ ኤስፓኞል»፣ ስፓኒሽ እየተማርኩ ነው። «¿ፕዌዴ ኣብላር ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር?»፣ ቀስ ብለው ሊናገሩልኝ ይችላሉ? «¿ሜ ሎ ፕዌዴ ኤንቢያር ፖር ኮሬዮ?»፣ በኢሜይል ሊልኩልኝ ይችላሉ? «ሌ ኮንቴስቶ ኦይ ሚስሞ»፣ ዛሬውኑ እመልስልዎታለሁ። ልብ በዪ፤ እነዚህን ስትዪ የተባለውን ሁሉ መረዳት አይጠበቅብሽም፣ ጉዳዩን ከጆሮሽ ወደ ዓይንሽ እያዞርሽው ነው። ወደ ሜክሲኮ ስትደውዪ «¿ብዌኖ?» ብለው ቢያነሱ ሃሎ ማለታቸው ነው፤ ስፔን ውስጥ «¿ዲጋ?» ይላሉ። «¿ዴ ፓርቴ ዴ ኪዬን?» ከተባልሽ ማን ልበል እያሉሽ ነው፤ ስምሽንና ድርጅትሽን ንገሪ።

እንግሊዝኛሽ ብዙ ቦታ ይረዳሻል፤ አልፎ አልፎ ግን ይጥልሻል። «ኮምፕሮሚሶ» በእንግሊዝኛ ኮምፕሮማይዝ ከሚባለው ጋር ቢመሳሰልም ትርጉሙ ግዴታ መግባት ነው፤ «ኮምፕሮሚሶ ዴ ኤንትሬጋ» የማስረከብ ግዴታ ነው። «ኤቤንቱዋልሜንቴ» ምናልባት እንጂ በመጨረሻ አይደለም፤ ዕቃው በመጨረሻ ይላካል ብለሽ ከተረዳሽው ቃል ያልተገባልሽን ነገር ትጠብቂያለሽ። «ኣክቱዋልሜንቴ» በአሁኑ ጊዜ ነው። አፈርኩ ለማለት ደግሞ «ኤምባራሳዳ» እንዳትዪ፤ ነፍሰ ጡር ነኝ ማለት ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ «ዲስኩልፔ» ይበቃል። ከአገር አገርም ልዩነት አለ። ሜክሲኮ ውስጥ «ኣኦሪታ» አሁኑኑም፣ ቆየት ብሎም ሊሆን ስለሚችል ሰዓት ጠይቂ። ስፔኖች ለመውሰድና ለመያዝ የሚሉት «ኮኼር» ሜክሲኮ ላይ ብልግና ስለሆነ ለሁለቱም «ቶማር» በዪ።

የመተርጎሚያ ፕሮግራሙን አትተዪው፤ ግን መጀመሪያ ራስሽ ጻፊና ከዚያ አስተያዪበት። ዓረፍተ ነገርሽ አጭር ይሁን፤ ረጅሙን ሲተረጉም «ቱ» እና «ኡስቴድ»ን በአንድ ደብዳቤ ይቀላቅላል። የወጣውን መልሰሽ ወደምታውቂው ቋንቋ አስተርጉሚው፣ የተዛባው ያኔ ይታይሻል። ለቃል ትርጉም የስፔን ሮያል አካዳሚ መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ ለጊዜው ቢከብድሽም ጾታውን ለማረጋገጥ ከአሁኑ ይጠቅምሻል።

ለኮርስ ገንዘብ ላውጣ ላልሽው፣ ከመክፈልሽ በፊት አስተማሪውን አንድ ነገር ጠይቂ፦ «በራሴ ኢሜይሎች ላይ ታስተምረኛለህ?» አዎ ካለ በሳምንት ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ ለብቻሽ መማር፣ ብዙ ሰው ካለበት ረጅም ኮርስ ለአንቺ ይሻላል ባይ ነኝ። ኢሜይሎቹን ስትሰጪው ዋጋና ስም አጥፊ፤ የድርጅቱ ምስጢር ናቸው። ከትምህርቱ አሥር ደቂቃውን በእውነተኛ ስልክ፣ ካሜራ ሳይኖር፣ እንደ አቅራቢ ሆኖ እንዲደውልልሽ አድርጊ። የፈተና ወረቀት አሁን አያስፈልግሽም። ቆይተሽ ሲቪሽ ላይ «ጀማሪ» ከማለት «ኤ1» ወይም «ኤ2» ብትጽፊ ግን እንደ «ትንሽ» አይለጠጥም፤ የአውሮፓው የቋንቋ መለኪያ እያንዳንዱ ደረጃ ምን መቻል እንደሆነ ያስቀምጣል። ማስረጃ ስትፈልጊ የስፔን መንግሥት የቋንቋ ተቋም የሆነው ሰርቫንቴስ የሚሰጠው «ዴሌ» የሚባል የፈተና ማስረጃ ጊዜው አያልፍበትም፤ «ሲዬሌ» የሚባለው ለአምስት ዓመት ያገለግላል።

በቀን ካለሽ 40 ደቂቃ ሩቡን ለማዳመጥ፣ የቀረውን ድምፅ አውጥተሽ ለመናገርና ለመጻፍ አድርጊው። በሳምንት አሥር አዲስ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ እያንዳንዱን በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ መልሺው። ሁለቱን የመጀመሪያ ሳምንታት ለድምፅ፣ ለቁጥርና ለአራቱ የስልክ ዓረፍተ ነገሮች ስጪ፤ ከዚያ ኢሜይሉ፣ የመጨረሻውን ወር ደግሞ ለስብሰባው። አራተኛው ወይም አምስተኛው ሳምንት ላይ ያለፈ ጊዜ ግሥ ሲመጣ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። አንቺ «ላከ፣ ከፈለ፣ ተቀበለ» የሚሉትን ሦስቱን ብቻ ያዢና ሌላውን እለፊው።

ሥራውን ስለመልቀቅ ከኃላፊሽ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ አስቢው። እውነቱን ነግረሽው «አይ፣ ከነገ ጀምሮ አቀላጥፈሽ ተናገሪ» ካለሽ ያኔ ችግሩ የአንቺ ስፓኒሽ ስላልሆነ ደግመሽ ጻፊልኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ያቺ ከሜክሲኮ የደወለችው ሴት አለች። ስልኩ ለምን እንደተቀያየረ አታውቅም። ከኃላፊሽ ጋር በተነጋገራችሁ ማግስት ይህችን ጻፊላት፦ «ሌ ፒዶ ዲስኩልፓስ ፖር ላ ያማዳ ዴ ላ ሴማና ፓሳዳ። ኤስቶይ ኣፕሬንዲዬንዶ ኤስፓኞል ኢ ፕሬፊዬሮ ኮንፊርማር ሎስ ዴታዬስ ፖር ኮሬዮ»። ስላለፈው ሳምንት ስልክ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስፓኒሽ እየተማርኩ ነው፣ ዝርዝሩን በኢሜይል ማረጋገጥ እመርጣለሁ። ስልኩን ተከትሎ ሌላ ሳምንት ካለፈ «ዴ ላ ሴማና ፓሳዳ» የሚለውን አውጪና ቀኑን ጻፊበት።